በስማችን የሚጽፍ ማን ነው

«ደብዳቤ የምትጽፈዋ ሴት አለች?» አሉ አዛውንቱ በሩ ላይ ቆመው።

ከአቦቦ ወረዳ ነበር የመጡት። ቀኝ እጃቸውን ትልቅ ሴት ልጃቸው ትከሻ ላይ ጭነዋል፤ በግራቸው ዱላ ይዘዋል። ሞራ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሸፍኖት ብሌናቸው ነጥቷል። ልጃቸው ወንበር ብትስብላቸውም አልተቀመጡም።

ደብዳቤ ጸሐፊያችን ከጠረጴዛዋ ተነሥታ «እኔ ነኝ፣ አባባ» አለቻቸው።

አዛውንቱ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩና፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ክፍል ውስጥ ባስተማሩበት የረጋ አማርኛ የመጡበትን ነገሩን። የኢታንግ ሰዎች ወደ ዓይን ሐኪም ቤቱ ተጠርተው ሄደው፣ ታክመው ተመልሰዋል። የአቦቦ ሰዎች ግን በዚያው ሰሞን ተመዝግበው፣ ጠብቁ ተብለው፣ እስካሁን እየጠበቁ ነው። ለጠብ እንዳልመጡ አስረዱን። ሰው ብዙ ነገር ያወራል፤ እሳቸው ግን ወሬ ከመስማት የጻፈችውን ራሷን መጠየቅ ይሻላል ብለው ነው።

«የእኛን ጽፈሻል ወይስ አልጻፍሽም?»

«ጽፌያለሁ።»

«እንግዲያው የት ሄደ?»

ወደ እኔ ዞረች። የቢሮው ኮምፒውተር ጉዳይ የእኔ ሥራ ነበር።

ያኔ ጋምቤላ ክልል ተብላ በራሷ መተዳደር ከጀመረች ገና ብዙም አልቆየችም። ድርጅታችን ትንሽ ነበር፦ ሁለት ክፍል ቤት፣ ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ፣ ከአሮጌነቱ የተነሣ ቁልቁለት ላይ ካልቆመ የማይነሣ መኪና። ሥራችን በየወረዳው የዓይን ሞራ ያለባቸውን ሰዎች እየፈለጉ መመዝገብና ደጋ ላይ ወዳለ አንድ የዓይን ሐኪም ቤት መላክ ነው። ሐኪም ቤቱ በተራ ይቀበላል፤ ተራ የሚያዘው ደግሞ በኢሜይል ነበር። ኃላፊያችን ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ከተማው ሁሉ ሲስተር ይላቸዋል። ጎሬ ተወልደው፣ ገና በወጣትነታቸው የባሮን ወንዝ ተሻግረው መጥተው፣ እዚያው የቀሩ ሰው። እኔ ከባሕር ዳር ኮምፒውተር ተምሬ፣ ሙቀቱን ሳልለምድ፣ ስሄድ ስመጣ ጥላ እየፈለግሁ የምሄድ ልጅ ነበርኩ።

ጸሐፊያችን ኑዌር ናት፤ ኢታንግ ያደገች። እንግሊዝኛዋ ከሁላችንም ይበልጥ ነበር፤ በስደት ትምህርት ቤት የተማረችው ነው። አማርኛን ግን ያወቀችው ከገበያና ከቢሮ ስለሆነ፣ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ትል ነበር። መጀመሪያ ላይ እኔንም «አንተ» ስትለኝ ግር ይለኝ ነበር፤ ቆይቶ ግን ሌላ ሰው «አንቺ» ሲለኝ የራቀኝ ይመስለኝ ጀመር። ቁመቷ ረዥም፣ ንግግሯ አጭር፣ ሥራዋ ንጹሕ ነበር። የጻፈችውን ሁሉ ከመላኳ በፊት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አንድ ጊዜ ታነበዋለች።

አዛውንቱ ከሄዱ በኋላ ያሉት ወሬ ወደ እኛም ደረሰ። ማን ተሾመ፣ ማን ቀረ፣ ትምህርት ቤቱ የት ተሠራ፣ ውኃው ለየትኛው ቀበሌ ገባ፤ ሁሉ ነገር በብሔር የሚመዘንበት ዘመን ነበር። አዲስ ነገር ሲጀመር ሰው የድርሻውን መጠበቁ አይፈረድበትም። እናም ኑዌሯ የኑዌሮችን ደብዳቤ ልካ የአኙዋኮችን ጣለችው የሚለው ወሬ ለማመን የቀለለ ነበር፤ ማስረጃም ያለው መሰለ። ኑዌሮቹ ኢታንጎች ሄደዋል፤ አኙዋኮቹ አቦቦዎች ቀርተዋል። ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ቦርዱ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው የአንድ ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ናቸው፤ ለስላሳ ሰው፣ ጭቅጭቅ የሚያስጨንቃቸው። ሲስተር አምርረው ተከራከሩላት። በመጨረሻ ግን ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ቤቷ እንድትቆይ ተወሰነ። ፓስተሩ ውሳኔውን ሲነግሯት አንገታቸውን ደፍተው ነበር። እሷ ዕቃዋን ሰበሰበችና የጠረጴዛዋን ቁልፍ ለእኔ ሰጠችኝ።

«እኔን ሰው ጠይቆኛል» አለችኝ። «አንተ ማሽኑን ጠይቅ።»

ማሽኑን ጠየቅሁ። ያገኘሁት ግን ይበልጥ አደናገረኝ። የአቦቦዎቹ ኢሜይል ከተላኩት መካከል አለ፤ ስማቸው፣ ዕድሜያቸው፣ የትኛው ዓይን እንደታመመ ሁሉም በሥርዓቱ ተጽፏል። የሌለው የኢታንጎቹ ነው። የደረሰው ደብዳቤ እኛ ጋ የለም፤ እኛ ጋ ያለው ደብዳቤ አልደረሰም። ለሲስተር ብነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሻሹና፣ «ይህን ለቦርዱ ብንነግራቸው ጭራሽ ያብዳሉ» አሉ።

ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር ወደሚገኘው ቤቷ ሄድኩ። ከቱኩሏ፣ ከሣር ጎጆዋ፣ ደጃፍ ተቀምጣ ዓሣ እያጸዳች ነበር፤ እጇን ሳትታጠብ ክርኗን ለሰላምታ ዘረጋችልኝ። የኢታንጎቹ ደብዳቤ የት እንዳለ ስጠይቃት ጥቂት አሰበችና ታወሳት። የዚያን ቀን ጠዋት መብራት ጠፍቶ ነበር። ጀነሬተር ያለው ኢንተርኔት ቤት ሄዳ፣ የቢሮው አድራሻ እዚያ ስለማይከፈት፣ ከራሷ የግል አድራሻ ጻፈችው። ከሰዓት መብራት ሲመጣ የአቦቦዎቹን ከቢሮው ኮምፒውተር ላከች። ሁለቱ በአንድ ቀን ነው የተጻፉት።

«ይሄን ለምን አልነገርሻቸውም?» አልኳት።

«የጠየቁኝ በየት ላክህ ብለው አይደለም። ለማን አደላህ ብለው ነው።»

ሰፈሩን ከከተማው የሚያገናኘውን ድልድይ ተሻግሬ ስመለስ ይኸው ነገር አልለቀቀኝም። ልዩነቱ የሰው ሳይሆን የአድራሻ ነበር። በግል አድራሻዋ የሄደው ደረሰ፤ በድርጅቱ ስም የሄደው አልደረሰም። በማግስቱ ወደ ሐኪም ቤቱ ደወልኩና፣ ስልኩን ያነሣችውን ጸሐፊ፣ አጠራጣሪ መልእክት የሚጣልበትን ሳጥን ከፍታ እንድታይልኝ ለመንኳት። ከፍታው እንደማታውቅ ነገረችኝ። ልጅቷ መስመሩን ይዛ ስትፈልግ ከቆየች በኋላ «እዚህ ናቸው» አለች። «ናቸው» ማለቷ ደነቀኝ። አንድ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ለሲስተር ስነግራቸው ከመደሰታቸው በፊት ያሉት፣ ይህን የተጎዱት ሰዎች በጆሯቸው መስማት አለባቸው የሚል ነበር። ወደ አቦቦ በሚሄድ መኪና መልእክት ተላከና አዛውንቱ ከልጃቸው ጋር ተመልሰው መጡ። ፓስተሩም መጡ። ጸሐፊያችንን ግን ቦርዱ እስኪጠራት አልጠበቅንም፤ ሲስተር ራሳቸው ሄደው ይዘዋት መጡ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ደወልኩ። ከሐኪም ቤቱ ልጅቷ የአቦቦዎቹን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። «ጡረታ የወጡ መምህር፣ ሁለቱም ዓይን፣ ቶሎ ቢታዩ» የሚለው ላይ ስትደርስ አዛውንቱ ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ጸሐፊያችን «ቶሎ ቢታዩ» የሚለውን ከሌሎቹ ስም አጠገብ አልጨመረችም ነበር፤ ለእሳቸው ብቻ ነው።

አንብባ ስትጨርስ ልጅቷ ከሥሩ ያሉትንም ትንገረን እንደሆነ ጠየቀች። ሲስተር «ንገሪን» አሏት። አንደኛው ከወራት በፊት ስለ አንድ ሰው የላክነው ነበር፦ ከደጋ ወደ ዲማ ወርዶ ወርቅ ሲቆፍር የድንጋይ ፍንጣሪ ዓይኑ ውስጥ የገባበት። ያኔ መልስ ስላልመጣ፣ ሐኪም ቤቱ አልተቀበለውም ብለን ነግረነው ነበር የሄደው። ሲስተር ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ። ለእንዲህ ያለ ጉዳት ሰዓቱ ምን ያህል እንደሚያጥር ከሁላችንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ጥያቄ ያነሡት ፓስተሩ ነበሩ። ለምን የእኛ ደብዳቤ ወደ ቆሻሻ እንደተጣለ ጠየቁኝ። «ማሽኑ አኙዋክና ኑዌር አይለይ» አሉ፤ ለቀልድ አልነበረም፣ የምር ሊገባቸው ፈልገው ነው። እንደማላውቅ፣ ግን እንደማጣራ ነገርኳቸው።

የድርጅቱን የኢንተርኔት ስም ያስመዘገበልን ውጭ አገር የሚኖር አንድ በጎ ፈቃደኛ ነበር። ደወልኩለት። ከጥቂት ወራት በፊት፣ የማናውቃቸው ሰዎች የእኛን ስም ላኪ ላይ እየጻፉ የማይረባ ማስታወቂያ ለዓለም ሲበትኑ እንደነበረ ነገረኝ። እኔም ትዝ አለኝ፤ ያልላክነው ኢሜይል «አድራሻው አልተገኘም» እየተባለ ይመለስብን ነበር። እሱ ያንን ለማስቆም ብሎ በስማችን መዝገብ ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ ጨምሯል። ስለዚህ ጽሑፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

አስረዳኝ። የኢንተርኔት ስም የሚመዘገብበት ቦታ ላይ፣ ስሙ የቱ ኮምፒውተር ጋ እንደሚያደርስ ከሚናገሩት መስመሮች ሌላ፣ ባለቤቱ የፈለገውን ቃል የሚጽፍበት ቦታ አለ። ማንም ሊያነበው ይችላል፤ የሚጽፍበት ግን ባለቤቱ ብቻ ነው። እዚያ ላይ «በእኛ ስም ኢሜይል እንዲልክ የተፈቀደለት ይህ ሰርቨር ነው፣ ሌላው የእኛ አይደለም» ብሎ መጻፍ ይቻላል። የተቀባዩ ኮምፒውተር ደብዳቤ ሲደርሰው ይህን መስመር ሄዶ ያነባል፤ ከመጣበት ጋር ያመሳክራል። እሱም የጻፈው ዌብሳይታችን ያለበትን ሰርቨር ነበር። እኛ ግን ኢሜይል የምንልከው በዚያ አልነበረም። በስልክ መስመር ኢንተርኔት የሚሰጠን ድርጅት በራሱ ሰርቨር በኩል ካልሆነ ኢሜይል አያሳልፍም። ስለዚህ በዓለም ፊት አስመሳዮቹ እኛው ሆንን። በማይታይ ቦታ፣ በቅን ልብ በተጻፈ አንድ መስመር፣ በገዛ ስማችን እንዳንጽፍ ታግደናል።

የይለፍ ቃሉን ሰጠኝና ገባሁ። ገጹ በዚያ መስመር እስኪከፈት ሰው ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። እኔም ጎበዝ መስዬ፣ ከእሱ መስመር ሥር አዲስ መስመር ጨመርኩ፦ «እኛ የምንልክበት ሰርቨርም ተፈቅዷል»። ለውጡ በየቦታው እስኪሰማ ጊዜ ይወስዳል ስለተባልኩ እስከ ማግስቱ ጠብቄ ወደ ራሴ የግል አድራሻ መሞከሪያ ላክሁ። ቀጥታ አጠራጣሪው ሳጥን ውስጥ ገባ። እንደገና ላክሁ፤ እንደገና። ጸሐፊያችን ያኔ ወደ ሥራ ተመልሳ ነበር፤ ከኋላዬ ቆማ ታያለች። የደብዳቤውን የውስጥ ማኅተም፣ ማሽኖች እርስ በርስ የሚጽፉትንና ሰው የማያነበውን፣ ገልጬ ሳሳያት እንግሊዝኛውን ከእኔ ቀድማ አነበበችው።

«ቋሚ ስህተት ነው የሚለው» አለች። «መስመሩ ተሳስቷል አይልም። ሁለት ነው ይላል።»

መመሪያ ፈልጌ ሳነብ እውነትም እንደዚያ ሆነ። ለአንድ ስም እንዲህ ያለ መስመር አንድ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ሁለት ከተገኘ ተቀባዩ አንዱን መርጦ አያምንም፤ ሁለቱንም ጥሎ መዝገቡን ስህተት ይለዋል፣ ደብዳቤውንም ይጠራጠራል። ሁለቱም እውነት ቢሆኑ እንኳ። መፍትሔው የሁለቱን ሰርቨሮች ስም በአንድ መስመር ላይ አጠገብ ለአጠገብ መጻፍ ነበር። የበጎ ፈቃደኛውን መስመር ሰረዝኩ፤ የእኔንም ሰረዝኩ፤ ሁለቱን በአንድ ላይ አድርጌ ጻፍኩት። መጨረሻው ላይ የምትገባዋን ምልክት በተመለከተ ግን ተከራከርን። አንዷ ምልክት «ሌላውን ሁሉ መልሱት» ትላለች፤ ሌላዋ «ሌላውን ተጠራጠሩት፣ ግን አትጣሉት» ትላለች። እኔ ጥብቋን መርጬ ነበር፤ አስመሳዮቹ አናደውኝ ነበርና። ጸሐፊያችን እምቢ አለች። ነገ መብራት ጠፍቶ፣ ወይም መስመር ተቀይሮ፣ የእኛው ሰው በሌላ መንገድ ቢልክስ? አለች። «በር ስትዘጋ ውጭ ማን እንዳለ ማወቅ አለብህ፤ እኛ ገና አላወቅንም።» ለስላሳዋን ምልክት አደረግን።

በማግስቱ የላክሁት መሞከሪያ በዋናው ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ወንበሬን አዙሬ ላያት ስል እሷ የአቦቦዎቹን ደብዳቤ እንደ አዲስ መጻፍ ጀምራ ነበር፤ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችውና ላከችው። መልሱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ሐኪም ቤቱ ለሁሉም ተራ ሰጥቷቸዋል።

ወደ ሥራ የተመለሰችው ግን በቀላሉ አልነበረም፤ ይህንንም መናገር አለብኝ። ቦርዱ ነጻ ነሽ ብሎ በሲስተር በኩል ሲልክባት፣ ወደ ቤቷ የላኳት ፓስተሩ ራሳቸው ስላልመጡ፣ አልመጣም አለች። ፓስተሩ ይህን ሲሰሙ በዚያው በእኩለ ቀን ሙቀት ኒውላንድ ድረስ በእግራቸው ሄዱ። ምን እንዳሏት አልነገረችንም። በበነጋው ቦታዋ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ቢሆንም ለብዙ ጊዜ አንድ ልማድ አመጣች፦ ወደ ሐኪም ቤት የምትጽፈውን ሁሉ ከመላኳ በፊት ጠርታ ታስነብበኛለች። አያስፈልግም ብላትም አልተወችም። የተነገረ ወሬ ውሸት መሆኑ ሲታወቅ የሚጠፋ ይመስለን ነበር። ገበያ ላይ ግን፣ ነገሩ ከተፈታ ከወራት በኋላም፣ «ኮምፒውተሩ ነው አሉ» እያሉ ዓይን የሚጣቀሱ ነበሩ። የማሽንን ስህተት ማመን የሰውን ክፋት እንደማመን አይቀናም።

የአቦቦ ሰዎች በዝናቡ መግቢያ ሄደው ተመለሱ። የአዛውንቱ የቀኝ ዓይን በራ፤ ግራው ከሞራው ሌላ ሕመም ስለነበረበት አልሆነም። የዲማውን ሰው ሲስተር በሚያውቋቸው ሁሉ አፈላለጉት። ዲማን ለቆ ሄዷል ተባለ፤ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ አልተገኘም። ከዚያ በኋላ ሲስተር አንድ ደንብ አወጡ፦ መልስ ያልመጣለት ደብዳቤ እምቢ እንደተባለ አይቆጠርም፣ ይደወላል። ስልኩ ውድ ነው፣ መስመሩ አስቸጋሪ ነው ሲባሉ፣ «ይሁን፣ ይደወላል» ብቻ ነበር መልሳቸው።

አዛውንቱ አንድ ቀን ልጃቸውን ሳይዙ ብቻቸውን መጡ። ወፍራም መነጽር አድርገዋል። ያ መስመር የሚባለው ነገር ይታይ እንደሆነ ጠየቁኝና ወንበር ስቤላቸው ገጹን ከፈትኩ። ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠግተው፣ ጣታቸውን ከመስታወቱ ሳያስነኩ በአየር ላይ እያስኬዱ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ አነበቡት። ለሰው ዓይን የተጻፈ አይደለም፤ ትርጉም የሚሰጥ ቃል ጥቂት ነው። እሳቸው ግን እንደ ተማሪ ደብተር እስከ መጨረሻው አረሙት።

«ይህቺ ናት ያስቀረችን?» አሉ።

«የበፊቷ ናት አባባ፤ ይህቺ ያስኬደቻችሁ ናት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ጸሐፊያችን ጠረጴዛ ዞሩ። ፊቷን ሲያዩ ያ የመጀመሪያቸው ነበር፤ እስከዚያ ቀን የሚያውቁት ድምፅዋን ነው። «ማሌ» አሏት፣ በኑዌርኛ፣ እየከበዳቸው። እሷም ተነሥታ በአኙዋክኛ ሰላምታቸውን መለሰችላቸው፤ እንደምታውቀው እንኳ አላውቅም ነበር። ሌላ ትልቅ ነገር አልተነጋገሩም። አቦቦ ውስጥ ሌሎች ሦስት አራት ሰዎች ሞራ እንዳለባቸው ነገሯት፤ እሷም ተቀምጣ ስማቸውን ጠየቀቻቸውና መጻፍ ጀመረች።